ከባትሪው ሳጥን የተገኘች ጥያቄ

ጥር 8

ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። እማዬ መድኃኒት ቤት ሥራዋን ጀምራለች፣ እኔም ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ። ይህን ያህል ሳልጽፍልህ በመቆየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ የባትሪ ሳጥን ውስጥ ወረቀት እየተውን ስንነጋገር አንድ ቀን እንኳ መልስ አስቀርቼብህ አላውቅም። አንተ ንጋት ላይ ከውሃ ተመልሰህ ቻርጀሩን ትሰካና ቤት ገብተህ ትተኛለህ። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ወደቡ ጋ ጎራ ብዬ መብራቱን አይቼ እጽፍልሃለሁ። አንተ ወደ ማምሻው መጥተህ አንብበህ ትሄዳለህ። የወደቡ ዘበኛ «አንድ ቤት እያደሩ ደብዳቤ የሚጻጻፉ ጅሎች» ያለን ለዚህ ነበር።

ጀልባህን ያመጣት እሱ ነው፣ ከራሱ ጀልባ ኋላ ጎትቶ። አሁን ግቢያችን ውስጥ በሁለት ግንድ ላይ ተቀምጣ ሸራ ለብሳለች። ጭረት እንኳ የላትም፤ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። መረቡ እንደተጣጠፈ ነው። አንተን በአራተኛው ቀን ሸምበቆው ውስጥ አገኙህ። ስለዚያ አልጽፍልህም፣ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

ሳጥኑን ትናንት ከፈትኩት። ያን ቅዳሜ የተውኩልህ ወረቀት እዚያው ነበረች። «ሞልቷል» ትላለች፣ ሌላ ምንም የላትም። ሞልቷል ካልኩህ መቅዘፊያ አትይዝም፤ ለመረቡ ቦታ ይልቀቅ ትላለህ። ሁለቱም መቅዘፊያዎች የወደቡ መጋዘን ግድግዳ ላይ እንደተደገፉ ናቸው።

ከቃሌ ስር ግን አንድ መስመር በእርሳስ ጨምረሃል። መሬት ላይ ሆነህ የጻፍከው አይደለም፣ ፊደሉ ይወጣል ይወርዳል። ቀለም ውሃ ያጠፋዋል፣ በእርሳስ ጻፍ እያልክ የምትጨቀጭቀኝ አንተ ነበርክ፤ እውነትህን ነው፣ ሁሉም ይነበባል። ሞተሩ እምቢ ብሎህ፣ መሐል ውሃ ላይ ተቀምጠህ፣ እንደ ሁልጊዜው ለእኔ ጻፍክልኝ። የጠየቅከኝን መልሱን አውቀዋለሁ። አጭር ነው። ዛሬ አልጽፈውም።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ከሸራው ስር ስገባ ቻርጀሩ ላይ አረንጓዴዋ መብራት በርታ ነበር። ማራዘሚያው ገመድ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሶኬት ካየ ሳምንቱ አልፏል።

ወንድምህ

—

ታኅሣሥ 24
(ለጋሼ የተላከ። የደረሰን ጥር 14።)

ለወዳጄ ለዓሣ አጥማጁ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? መልሴ በመዘግየቱ አትቀየመኝ፤ ደጄ ላይ የሞቱ ባትሪዎች እንደ ጉድ ተሰልፈዋል። እዚህ ሰው «የባትሪ ሐኪም» ይለኛል፣ ከእኔ እጅ የሚድነው ግን ከግማሽ አይበልጥም።

መጀመሪያ ምርጫው። ሁለት ባትሪ አለህ፣ አንዱ ሞተር የሚያስነሳ፣ ሌላው ለመብራትህ። ስለዚህ ሁለት መውጫ ያለው ቻርጀር ውሰድ፤ ለየራሳቸው ይሞላሉ፣ ደካማው ብርቱውን አይጎትተውም። ለአንተ ባትሪ መጠን በየመውጫው አስር አምፔር ይበቃል። ከዚያ ያነሰውን ብትገዛ ቀኑን ሙሉ ሰክተህም ማታ ጎደሎ ይዘህ ትወጣለህ። ከጀልባው ጋር የሚታሰር ስለሆነ ዙሪያውን የታሸገ፣ ውሃ የማያስገባ ይሁን። ከባትሪህ ዓይነት ጋር መስማማቱንም ጠይቅ፤ ውሃ ለሚጨመርበት የተሠራው ለድፍኑ አይሆንም።

ሁለተኛው አሳስቦኛል። በስንት ደቂቃ አረንጓዴ እንደሚያበራ በሰዓት ለክተህ ጽፈህልኛል። ወዳጄ፣ ያ መሙላት አይደለም። ያረጀ ባትሪ ላይ ላዩን ይሞላና ቻርጀሩን ያታልለዋል፤ ቻርጀሩም እንደ የዋህ ሰው አምኖ አረንጓዴ ያበራል። አንድ ጊዜ ሞተር ሊያስነሳልህ ይችላል። ለሁለተኛው አልምልልህም። ባትሪውን እስክትቀይር ድረስ አረንጓዴን አትመን።

ሦስተኛው አሳቀኝ። ልክ ነህ፣ ልጁን ከመቆጣት ይልቅ ሌላ ሶኬት ማስገባት ይቀላል። እኔም በእሱ ዕድሜ ለኳስ ስል የእናቴን ማቀዝቀዣ ነቅዬ ሥጋዋን አበላሽቻለሁ። እስካሁን እንዳልነገርከው ወደፊትም አትንገረው።

የባትሪ ሐኪሙ

—

ጥር 15

ጋሼ፣ ደብዳቤህን ከፍቼ በማንበቤ ይቅርታ። ፖስታው ላይ ስምህን ሳየው እጄ ራሱ ከፈተው።

ታውቅ ነበር ማለት ነው። ገመዱን እየነቀልኩ የዘበኛው ቤት ቴሌቪዥን ላይ እንደምሰካው ታውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ከአንተ ልደብቅ ስሞት ነበር። ባየኸኝ ቁጥር «ኳሱ እንዴት ነበር?» ስትለኝ ከሬዲዮ የሰማህ ይመስለኝ ነበር።

ያን ቅዳሜም እንዲሁ ነው። ሁለት ጨዋታ ነበር፣ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት። ዘበኛው «ወንድምህ ሳይነሳ መልሰህ ትሰካዋለህ፣ ምን ያስቸኩልሃል» አለኝ። አስቸኩሎኝ አያውቅም። ሁለተኛው ጨዋታ ሲያልቅ ቻርጀሩን መልሼ ሰካሁት፣ ጥቂት ቆሜ አረንጓዴ ሲሆን አየሁ፣ ያቺን ቃል ጻፍኩ። ከዚያ በዋናው መንገድ አልሄድኩም። እንዳላገኝህ በዓሣ ገበያው ጀርባ ዞርኩ። ፊቴን ብታየው ታውቀኝ ነበር።

ጥያቄህን ዛሬም አልመለስኩትም። በዙሪያዋ እየዞርኩ እንደሆነ ይገባኛል።

ዘበኛው አሁን አይቀልድም። ትናንት ወደቡ ላይ አግኝቼው «ጋሼ ከመሞቱ በፊት ባትሪው ማርጀቱን ነግሮህ ነበር?» አልኩት።

«ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ወጣ?»

«ይቺን ሳምንት ትድረስልኝ አለ፣ ወጣ። ሰው ምን ጊዜም ይቺን ሳምንት ነው የሚለው።» ከዚያ ቴሌቪዥኑን እንደሸጠው ነገረኝ። እኔ አልጠየቅኩትም።

ለባትሪ ሐኪሙ መልስ ጽፌያለሁ። በአንተ ስም። አንተ በሕይወት አለህ ብሎ የሚያስብ አንድ ሰው እንዲኖር ፈለግኩ መሰለኝ። ደግሞ ስለ መብራቷ የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም፤ ዛሬም አልጠፋችም።

ሌላም አለ። ያለፈውን ደብዳቤዬን እንደ ልማዴ በአራት አጥፌ ነበር ያስቀመጥኩት። ዛሬ ስከፍተው በሦስት ታጥፎ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጦ አገኘሁት። እንደዚያ የምታጥፈው አንተ ነህ።

ወንድምህ

—

ጥር 25

ለወዳጄ ለዓሣ አጥማጁ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ስለ መብራቷ ልጀምር። አንዳንድ አሮጌ ቻርጀሮች ሳይሰኩም ትንሿን መብራት ከባትሪው ይቀልቧታል። ስለዚህ አትደንግጥ። ነገር ግን በደከመ ባትሪ ከሳምንት በላይ በርታ አይቼ አላውቅም። አንተ ሁለት ሳምንት አልፏታል ትላለህ። ይህን እኔም አልተረዳሁትም።

የባትሪው ጫፍ ላይ ያየኸው ነጭ ዱቄት ዝገት ነው። በሞቀ ውሃና በብሩሽ አጽዳው፣ ጓንት አድርግ። የገመዱን ፊውዝ አይተሃል፣ ደህና ነው ብለሃል፤ ጥሩ። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር መታሰሩንም አይተሃል። እንግዲህ የቀረው ባትሪውን ራሱን መፈተን ነው። ቀኑን ሙሉ ሰክተህ አቆየው። ንቀለውና አንድ ሰዓት ይረፍ። ከዚያ ቮልት መለኪያ ቴስተር ይዘህ፣ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ እያዞርክ ቁጥሩን አንብብ። ከአስር ቮልት በታች ከወረደ አትድከም፣ አልቆለታል። ያገኘኸውን ቁጥር ጻፍልኝ።

አሁን ደግሞ አንተ ታገሠኝ። ሃያ ዓመት የሰው ደብዳቤ አነባለሁ። የአንተ ፊደል ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር፣ የአሁኑ ቀጥ ብሎ የቆመ የተማሪ ጽሑፍ ነው። ድሮ «ባትሪው ሞተ» ትለኝ ነበር። በዚህኛው ደብዳቤ ሦስት ቦታ «ደከመ» ብለሃል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ቃል ጽፈህ ፍቀኸዋል። በመጨረሻም መሐል ውሃ ላይ ስለቆመ ሰው የጠየቅከኝን ጥያቄ ሰው ስለ ራሱ አይጠይቅም።

ማን ነህ? አልቆጣም።

የባትሪ ሐኪሙ

—

የካቲት 4

ጋሼ፣ ይኸው ተያዝኩ። ለባትሪ ሐኪሙ እውነቱን ጽፌለታለሁ፣ በራሴ ስም። የላክሁት ወረቀት ከዚህኛው ያጠረ ነው። ያንተን ጥያቄ ቃል በቃል ገለበጥኩለት፣ መልሱንም ነገርኩት። እሱን የማላውቀው ሰው ስለሆነ ቀለለኝ። ለአንተ ግን አሁንም አልወጣልኝም።

እሱ እንዳለኝ ቀኑን ሙሉ ሰክቼ ባትሪውን ፈተንኩት። እረፍት ላይ ከአስራ ሁለት ቮልት በላይ ነበር፣ ምንም ያልጎደለበት ይመስላል። ቁልፉን ሳዞር ወደ ስምንት ወረደ፤ ሞተሪኖውም አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ያቺን ድምፅ አንተም ሰምተሃታል። ቴስተሩን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። ባለፈው የትምህርት ቤት ፈተና ቮልትና የተጠራቀመ ኃይል አንድ ናቸው ብዬ የሳትኩት ጥያቄ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሁለተኛው ደብዳቤዬም በሦስት ታጥፎ ስላገኘሁት ትናንት ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ መጣሁ። ሸራው በአንድ በኩል ተነስቷል። ስር ገባሁ። እማዬ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መረቡ ላይ ተቀምጣለች፣ ወረቀቱ ጉልበቷ ላይ ነው። ጣቶቿ ጫፉን ወደ ውስጥ ሲሸጉጡት አየሁ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ እሷ ዱቄት መድኃኒት በወረቀት የምትጠቀልለው እንዲህ ነው። አንተ ከእሷ ነው የተማርከው፤ እኔ ግን እንደ ደብተር በአራት አጥፌ ቀረሁ።

«እማዬ» አልኩ።

«ግባና ሸራውን ዝቅ አድርገው፣ ጎረቤት እብድ ይለናል» አለች። ተቀመጥኩ። በመብራቷ ፊቷ አረንጓዴ ነበር።

«ሁሉንም አነበብሽ?»

«እናት ጀምራ ሳትጨርስ ትተዋለች?»

«የእሱንም መስመር?»

«እሱን በመጀመሪያው ቀን ነው ያነበብኩት። ጀልባዋ የመጣች ዕለት። ከአንተ በፊት።» ጉንጬን በመዳፏ ያዘች። «መልሼ ያስቀመጥኩት አንተ እንድታገኘው ነው። የተጻፈው ለአንተ ነዋ። የልጄን ደብዳቤ ልሰርቅ?»

ማልቀስ ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም። «ወረቀቶቼን እያጠፍሽ አስፈራሽኝ» አልኳት።

«ይህችን ሁለተኛዋን ብቻ ነው ያጠፍኳት» አለች።

«የመጀመሪያውንስ?»

እማዬ ወደ መብራቷ አየች። «የመጀመሪያውን ሳገኘው እንደዚህ ታጥፎ ነበር። እኔ ደግሞ የእጄን አስተጣጠፍ ተማርክ ብዬ... አንተ በእሱ አስተጣጠፍ ያጠፍከው መስሎኝ ደስ አለኝ።»

ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ «እራት አልበላህም፣ ተነስ» አለችኝ። ተነሳን። ሸራውን ሳወርድ ወደ ኋላ አላየሁም።

ወንድምህ

—

የካቲት 14

ለወንድምየው፣

ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ። እናትህንም ያጽናልኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን ሱቄን ዘግቼ ዋልኩ። አልቅሼልሃለሁ ብልህ አታምነኝ ይሆናል፤ ፊቱን እንኳ አላውቀውም።

ወንድምህ «ስንት ሰዓት ላይ ሰካኸው?» ብሎ መጻፉን ነግረኸኛል። አንተ እንደ ክስ ቆጥረኸዋል። ልጄ፣ እኔ ደጄ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዬ እሱ ነው። ለጥቂት ደቂቃ የተሰካ ከሆነ ባትሪው ባዶ ነው ማለት ነው፤ ትንሽ ቢያሳርፉት አንዴ ሊያዞር ይችላል። ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ እንዲህ ከሆነ ግን አልቆለታል፤ መጠበቅ ዋጋ የለውም፣ ሌላ መላ መፈለግ ነው። ወንድምህ ልጠብቅ ወይስ ልዋኝ እያለ እያሰበ ነበር። ችግሩን እየፈታ ነበር። ሰዓቱን የሚያውቅለት ሰው ደግሞ አንተ ብቻ ስለነበርክ አንተን ጠየቀ።

የላክህልኝን ቁጥር አይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ወደ ስምንት የሚወርድ ባትሪ ያን ቅዳሜም ቀኑን ሙሉ ቢሰካ ኖሮ ሁለተኛ አያስነሳም ነበር። ይህን የምልህ ላጽናናህ አይደለም፣ ሙያዬ ነው። ስለዚህ ገመዱን እርሳው።

ሌላውን ግን ልደብቅህ አልችልም፣ ብደብቅህም ታውቀዋለህ። «ሞልቷል» ባትል መቅዘፊያውን ይዞ ይወጣ ነበር። አረንጓዴን አትመን ያልኩበት ደብዳቤዬ ሳይደርሰው እሱ አንተን አመነ። ይህን ተሸክመህ ትኖራለህ። ሰው የሚሸከመው ነው፣ ብዙዎቻችን የያዝነው አለን። አንድ ምክር ብቻ ልስጥህ፤ ከእንግዲህ ሳጥኑ ውስጥ ቃል አትጻፍ። ሰዓትና ቮልት ጻፍ።

ለወንድምህ የመረጥኩለት ቻርጀር እኔ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጭነት መኪና ልኬዋለሁ። ይህኛው ካልተሰካ አያበራም።

የባትሪ ሐኪሙ

—

መጋቢት 3

ጋሼ፣ ሰላም ነህ? ይህ ረጅም ይሆናል፣ ታገሠኝ።

አዲሱን ቻርጀር አሰርኩት። ቦታውን ከባትሪዎቹ አርቄ፣ አየር የሚያገኝበት የጀልባዋ ግድግዳ ላይ አደረግኩት። አዲሱን ባትሪ ዘበኛው ነው ተሸክሞ ያመጣው፤ እማዬ «ከየት አመጣኸው?» ብትለው «ቴሌቪዥን ነበር፣ ባትሪ ሆነ» አላት። ከሁለት ወር ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዱ ነው። መጋዘኑ ውስጥም ሁለተኛ ሶኬት አስገብቷል። ከላዩ ላይ በቀለም «የጀልባ ብቻ» ብሎ ጽፎበታል፣ ፊደሉ ግን ያሳዝናል።

አሮጌውን ቻርጀር ስፈታ ጥቁሩን ገመድ አስቀድሜ ነቀልኩ፣ ከዚያ ቀዩን። መብራቷ አልጠፋችም። ከምንም ጋር ሳትያያዝ እጄ ላይ በርታ ቆየች። መቁጠር ጀመርኩ። አስራ አንድ ላይ ጠፋች። የባትሪ ሐኪሙን አልጠየቅኩትም። ቻርጀር ውስጥ ጥቂት ኃይል ይቀራል ይለኝ ይሆናል፣ ልክም ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት ወጣሁ። ብቻዬን። እማዬ ትቃወማለች ብዬ ነበር፣ እሷ ግን ሁለቱን መቅዘፊያዎች ራሷ ተሸክማ ወደቡ ድረስ መጣች። «እንድሄድ ፈቀድሽልኝ?» ስላት «መቅዘፊያዎቹን ነው የፈቀድኩት፣ አንተ ተከትለሃቸው ሂድ» አለችኝ። መረብ አልያዝኩም። ሳጥኑ ውስጥ ያስቀመጥኳት ወረቀት እንዲህ ትላለች፦ የተሰካው ትናንት ከቀኑ አስር ሰዓት፣ የተነቀለው ዛሬ ከንጋቱ አስራ አንድ፣ ካረፈ በኋላ አስራ ሁለት ነጥብ ሰባት ቮልት፣ ሲዞር አስራ አንድ። «ሞልቷል» አትልም።

ዘበኛው ጀልባህን ያገኘባት ቦታ ስደርስ ሞተሩን አጠፋሁት። እንደማጠፋው ከቤት ስወጣ ወስኜ ነበር፣ ለእማዬ አልነገርኳትም። ሸምበቆው በቀኜ ሩቅ ነበር፤ መሬት ላይ ሆነው ሲያዩት ቅርብ ይመስላል። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ሞተሩ ዝም ሲል ውሃው ከወለሉ ስር ያንኳኳል። ሦስት ጊዜ ያንኳኳና ይተዋል። ደግሞ ሦስት ጊዜ። ልክ የባትሪው ሳጥን ካለበት ስር ነው። አንተም ይህን ሰምተህ ይሆናል፤ ወይም እኔ የሰማሁት ሌላ ይሆናል። ትንሽ ፈራሁ። ትንሽ ነው፣ አትሳቅብኝ።

ያቺን የድሮዋን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ። የእኔ «ሞልቷል»፣ ከስሩ የአንተ መስመር። ሳጥኑ ክዳን ላይ የታሰረችውን አጭር እርሳስህን ይዤ ከጥያቄህ ስር መልሱን ጻፍኩ። የእኔም ፊደል እንደ አንተ ይወጣና ይወርድ ነበር፣ ወደ ቀኝም አዘነበለ።

«ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ። ለአስር ደቂቃ ያህል አየሁት። አንተ የወጣኸው አስራ አንድ ላይ ነው።»

በሦስት አጥፌ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጥኩት። ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጬ ክዳኑን ገጠምኩ። ማንኳኳቱ ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደቆመ ግን አላስተዋልኩም። መቅዘፊያዎቹን በእጄ ነካሁ፣ ሁለቱም አሉ። ሰዓቴን አየሁ፣ አንድ ከሃያ ነበር። ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ።